ስንዝር የጎደለው ዘንግ

«መቶ አርባ አንድ» አሉ ጋሽ ሆይት፣ ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ።

ብራንት የያዘውን ወፍራም የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሳበው። ጫፉ ከኮርኒሱ ሲነቀል ነጭ ብናኝ ፀጉሩ ላይ ረገፈ።

«ምኑ ነው መቶ አርባ አንዱ?»

«ቀዳዳው። ዘንግ እንደ ጎራዴ ሳያወናጭፍ መግዛት የማይችል ሰው ሁሉ ኮርኒሴ ላይ ፊርማውን ትቶ ይሄዳል። ካንተ በፊት መቶ አርባ ጅል ፈርሟል።»

ማቪስ ከት ብላ ሳቀች። ከሁለት ሳምንት ወዲህ እንዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

የጋሽ ሆይት ሱቅ ከገንተርስቪል ሐይቅ ዳር፣ ጀልባ ወደ ውኃ ከሚወርድበት ተዳፋት አጠገብ ተለጥፋ የቆመች ናት። አንድ ጥግ ላይ ለመንጠቆ የሚሸጡ ትንንሽ ዓሦች በገንዳ ውስጥ ይርመሰመሳሉ፤ ሌላው ጥግ ላይ ኦቾሎኒ ከነልጣጩ በጨው ውኃ ሲንተከተክ ይውላል። በሁለቱ መካከል ዘንጎቹ እንደ ሸንበቆ ተደርድረው ቆመዋል።

ማቪስ ኪሷ ውስጥ ሰማንያ አምስት ዶላር ይዛለች። ገንዘቡ ዶሮ ዶሮ ይሸታል። ማጋነን አይደለም፤ ከትምህርት ቤት መልስ በአጎቷ የዶሮ ርቢ አዳራሽ ውስጥ የሞቱትን እየለቀመች በባልዲ የምታወጣው እሷ ናት፤ ያንን ሽታ ደግሞ የሚያሸንፍ ሳሙና እስካሁን አልተሠራም። በዚህ ገንዘብ አንድ ዘንግ ይገዛል። አንድ ብቻ። የፊታችን ቅዳሜ ለአላባማ የዓሣ ማጥመድ ውድድር የሚያልፉት ይለያሉ። ዛሬ ብትሳሳት የምታርምበት ሌላ ገንዘብም ሌላ ሳምንትም የላትም።

«እኔ የምልሽ» አለ ብራንት ወፍራሙን ዘንግ በሁለት እጁ እያሳያት፣ «ይሄን ውሰጂና ተገላገዪ። እዪው እስቲ፣ የአጥር እንጨት እኮ ነው! መኪና ቢሄድበት አይሰበርም።»

«ይሄ የአምባዛ ዘንግ ነው።»

«ታዲያ ባስ የሚባለው ዓሣ ከአምባዛ ይበልጣል እንዴ?»

«አይበልጥም። ግን እንደ አምባዛ ሆዳም አይደለም፤ አጎራረሱ ሌላ ነው። እንዳንተ መሰልኩህ?»

ብራንት አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ አምስት ወር አልሞላውም፣ አሮጌ ፒክአፕ አለችው። ማቪስ በአንድ ዓመት ታንሰዋለች። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ትል ቆፍረዋል፣ ዘንድሮ ደግሞ በትምህርት ቤቱ የባስ ቡድን ውስጥ በአንድ ጀልባ ይወዳደራሉ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሁለት ተማሪ በአንድ ጀልባ፣ ጀልባውን የሚነዳ አንድ ትልቅ ሰው። ትልቁ ሰው መምከር ይችላል፣ ዘንግ መንካት ግን ክልክል ነው። ማታ ላይ ከአምስት ያልበለጠ ዓሣ ከነሕይወቱ ሚዛን ላይ ይወጣል።

ከሁለት ሳምንት በፊት በነበረው ውድድር አራት ዓሣ ይዘው ነበር። አምስተኛውን ማቪስ ያዘችው፤ የቀኑ ትልቁ ዓሣ እሱ ነበር። ከጀልባዋ ሁለት ክንድ ሲቀረው ዘንጓ ቀጭ አለ። የተሰበረው ጠርዝ ክሩን እንደ ምላጭ በጠሰው። ዓሣው ጅራቱን አንዴ አሳይቷት ወደ ቤቱ ሄደ።

«ዘንጉን አቆምሽው!» ብሎ ጮኸ ጀልባውን ይነዳ የነበረው አሰልጣኝ ፔቲ። «ዓሣ ጀልባ ስር ሲደርስ ዘንግ ወደ ሰማይ አይቆምም! ስንት ጊዜ ልንገር?»

ማቪስ ወደ ብራንት ዞረች። ዘንጉን ከትከሻዋ በላይ ያነሳች አልመሰላትም ነበርና ምስክር ፈልጋ ነው። ብራንት ውኃውን እያየ «አዎ፣ ትንሽ ከፍ አድርገሽው ነበር» አለ።

በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ በቡድኑ ጠረጴዛ በኩል ባለፈች ቁጥር አንዱ ቀጭን የጨው ብስኩት አንስቶ ይሰብራል። «ቀጭ! ማቪስ መጣች፣ ዕቃችሁን ሰብስቡ!» እነሱ እንኳ ይሁን፣ አፋቸው ነው። የባሰው እጇ ነው። በልምምድ ላይ ከትምህርት ቤቱ በተዋሰችው ዘንግ ስታጠምድ ገና ዓሣው ሲነካ እጇ ይፈራል፣ ጫፉን ዝቅ ታደርጋለች፣ ክሩ ይላላል፣ ዓሣው መንጠቆውን ተፍቶ ይሄዳል። እንዲህ አድርጋ ሁለት አምልጠዋታል።

የተሰበረው ዘንግ ደግሞ የእናቷ ነበር። እናቷ ካልሲ ፋብሪካ ከመግባቷ በፊት በዚህ ሐይቅ ላይ ሴት ነኝ ሳትል ወንዱን ሁሉ በሚዛን ታሳፍር የነበረበት ዘንግ። ስባሪውን ስታሳያት «ዕቃ ነው፣ ምን ይደረግ» አለች እናቷ። ከዚያ መኝታ ቤት ገብታ ቶሎ አልወጣችም።

ማቪስ ያንን ስባሪ አሁን በፎጣ ጠቅልላ ይዛዋለች። ክር የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ እላዩ ላይ እንደታሰረ ነው፤ ለአዲሱ ዘንግ የሚሆነው ማጠንጠኛ እሱው ነው። ብራንት «ማጠንጠኛውን ብቻ ፈትተሽ አምጪ፣ ስባሪውን እዚያው ጣይው» ብሏት ነበር። ማጠንጠኛውን ከዘንጉ ጋር ያሰረው ማቀፊያ ግን ዝጎ አልፈታ አላትና እንዳለ አመጣችው።

ጋሽ ሆይት ፎጣውን ገለጥ አድርገው የዛገው ማቀፊያ ላይ ዘይት ጠብ ጠብ አደረጉ። «ትንሽ ይጠጣ። እስከዚያ ምረጪ።»

ማቪስ ሦስት ዘንግ ለይታለች። አንዱ የብራንት የአጥር እንጨት ነው። ሁለተኛው ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በወርቅማ ፊደል ስም የተጻፈበት፤ ልክ ሰማንያ አምስት። ሦስተኛው ከጀርባ ተደብቆ የነበረ ቀጭን ዘንግ ሲሆን ቀለሙ ቁርጥ የጠላ አተላ ይመስላል። ዋጋው ሁለቴ ተሰርዞ ሰባ ደርሷል።

«ይሄ ለምን ረከሰ?»

«የአምና ስሪት ነው፤ ቀለሙንም ያየ ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል» አሉ ጋሽ ሆይት። «ቀዩን ብትወስጂ ከገንዘብሽ ግማሹ ለቀለምና ለፊደል ነው። ባስ ማንበብ አይችልም።» ከመሳቢያቸው አሮጌ የሴት ስቶኪንግ አወጡ። «የሚስቴ ነው፤ አትሳቁ። በይ፣ በየቀለበቱ አሳልፈሽ ጎትቺው።»

ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ከእጀታው እስከ ጫፉ ተደርድረዋል። ማቪስ ስቶኪንጉን በቀዩ ዘንግ ቀለበቶች አንድ በአንድ አሳለፈችው። አራተኛው ላይ ያዝ አደረገው፤ ቀጭን ክር ተመዘዘ።

«በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለው ማለት ነው» አሉ ጋሽ ሆይት። «ስቶኪንግ ከመዘዘ ክርሽንም ይመዛል። አሁን ያንን አስቀያሚውን።»

አተላው ዘንግ ላይ ስቶኪንጉ እንደ ቅቤ አለፈ። ማቪስ ደገመችው። አሁንም አለፈ። ቀዩን ዘንግ ወደ ቦታው መለሰችው።

«ቀረን ሁለት። ባስ የላስቲክ ትል ሲጎርስ ምን ያደርጋል?»

«ይነካል።»

«ስንቴ?»

«አንዴ። ጢቅ ያደርጋል።»

«ያቺን ጢቅ እጅሽ ካልሰማ ተፍቷት ሄዷል፤ አንቺ ድንጋይ መስሎሽ ትጠብቂያለሽ። ስለዚህ እኔ ሱቅ ዘንግ የሚመረጠው በአየር ላይ በማወናጨፍ ሳይሆን በጉሮሮ ነው። ና አንተ ፈራሚ፣ ጉሮሮህን አውሰን።»

«የኔን?»

«ማንቁርት ያበቀልከው አንተ ነህ።»

ብራንት እየሳቀ አገጩን ወደ ላይ አነሳ። ጋሽ ሆይት የወፍራሙን ዘንግ እጀታ ለማቪስ ሰጥተው ጫፉን በብራንት ጉሮሮ ላይ አስደገፉት። «ዓይንሽን ጨፍኚ። አንተ አውራ።»

«ምን ልበል?»

«እስካሁን አፍህን ከፍተህ የምትለው አጥተህ ታውቃለህ?»

ብራንት ከአንድ እስከ አሥር ቆጠረ። ማቪስ በጆሮዋ ሰማችው። እጇ ግን ምንም አልደረሰውም፤ የቤት ምሰሶ የጨበጠች ያህል ነው።

ከዚያ አተላውን ያዘች። ብራንት «ማቪስ ዶሮ ዶሮ ትሸታለች» አለ። ቃሉ እንደ ንብ መዳፏ ውስጥ ጮኸ። ሲጀምር፣ ሲያቋርጥ፣ ራሱ ባወራው ራሱ ሲስቅ፣ ሁሉም በቡሹ እጀታ በኩል ጣቶቿ ውስጥ ገባ። ዓይኗን ገለጠች።

«ደረሰሽ?» አሉ ጋሽ ሆይት።

«ሳቁ ሁሉ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚያው ላይ ያልቅ ነበር። ዘንጉ ቀላል ነው፣ ይናገራል፣ ገንዘቧም ይተርፋታል። ግን ጫፉን አየችው። ከእርሳስ ይቀጥናል። ቀጭ የሚለው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ መጣ።

«ጋሽ ሆይት፣ ይሄ ይሰበራል?»

«የማይሰበር ዘንግ የለም።»

«ሰማሽ!» ብሎ ጣልቃ ገባ ብራንት። «ሰማሽ አይደል? ማቪስ፣ ስሚኝ፣ እጅሽ ትንሽ… ማለቴ ዘንግ ላይ ይበረታል። ጥፋት አይደለም። ወፍራሙን ውሰጂ። ዘጠና አምስት ነው፣ አሥሯን እኔ እጨምርልሻለሁ።»

ማቪስ ትክ ብላ አየችው። ብራንት በስምንት ዓመት ጓደኝነት ውስጥ አንድ ፍሬ ኦቾሎኒ ሳይቆጥር የሰጣት ቀን የለም።

«አንተ? ትጨምርልኛለህ?»

«ጓደኛ አይደለሁ እንዴ? እንዳይሰበርብሽ ብዬ ነዋ። እንደገና ቀጭ ካለ እኮ ዓመቱን ሙሉ ነው ሙድ የሚይዙብሽ።»

እሱስ እውነቱን ነው። ወፍራሙ ዘንግ ደንቆሮ ነው፣ ዓሣ ሲነካ አይነግራትም፤ ግን አይሰበርም። ካልተሰበረ ደግሞ ማንም ብስኩት አይሰብርባትም። ትንሽ ዓሣ ይዞ መመለስ ከመሳቂያነት ይሻላል። እንዲህ አሰበችና አተላውን አስቀምጣ ወፍራሙን አነሳች፤ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው።

«ይሄን ልውሰድ።»

ጋሽ ሆይት ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። አልተከራከሩም። ጉጠታቸውን ይዘው ፎጣውን ሙሉ በሙሉ ገለጡ፣ የዛገውን ማቀፊያ አንዴ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ለቀቀ። ማጠንጠኛውን ነቅለው ወደ ጎን አኖሩት። ስባሪውን ሊያነሱት ሲሉ እጃቸው ቆመ። የተሰበረውን ቦታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት።

«ይሄን ማነው ለበር ያበላው?»

«በር አይደለም» አለች ማቪስ። «እኔ ነኝ። ዘንጉን አቁሜው ነው።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም እዚህ ጠረጴዛ ላይ አርባ ዓመት ሙሉ ስባሪ አልቆጠረም። ነይ፣ እዪ። ሰው አቁሞ የሰበረው ዘንግ የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው፣ ከጫፉ ክንድ ያህል ወርዶ። ስብራቱም እንደ ሸንኮራ አገዳ ይተለተላል። ይሄ ከጫፉ ስንዝር ላይ ነው የተቆረጠው። ደግሞ ተመልከቺ፣ ከዚህም ከዚያም ጎኑ ተደፍጥጧል፤ ፊት ለፊት። የመኪና በር ነው እንዲህ የሚነክሰው።» ጣታቸውን ጠፍጣፋው ቦታ ላይ አሹት። «በር የነከሰው ዘንግ ተንኮለኛ ነው። የዚያኑ ዕለት አይሞትም። ምንም እንዳልሆነ ቀጥ ብሎ ይቆይሽና ትልቁ ዓሣ ሲመጣ ይሞታል።»

የሱቁ በር ተከፈተ፤ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ባልዲ ይዞ ገባ። «ሆይት፣ ሁለት ደርዘን ትንንሽ ዓሣ ስጠኝ፣ ሚስቴ ውጭ እየጠበቀች ነው።»

«እስካሁን ካልተወችህ ዛሬም አትተውህም፣ ተረጋጋ» እያሉ ጋሽ ሆይት መረባቸውን ይዘው ወደ ገንዳው ሄዱ።

ኦቾሎኒው ይንተከተካል። ብራንት የመንጠቆ ፓኬት አንሥቶ ጀርባውን ያነባል። ብራንት የሚባል ልጅ የፓኬት ጀርባ ሲያነብ ማቪስ አይታ አታውቅም።

ማቪስ አተላውን ዘንግ አነሳች።

«ና።»

«የት?»

«ጉሮሮህን አምጣ።»

«መርጠሽ ጨርሰሽ የለም እንዴ? አቦ ማቪስ፣ ይበቃል…»

«ና አልኩህ።»

መጣ። ጫፉን ጉሮሮው ላይ አሳረፈችው። ዓይኗን ግን አልጨፈነችም።

«ከውድድሩ በፊት አርብ ማታ ዘንጎቹ የት አደሩ?»

«እ… መኪናዬ ውስጥ። ታውቂ የለ።»

«ማነው የጫናቸው?»

«እኔ።»

«በሩን ማን ዘጋው?»

መቼም ዘንግ ውሸት አይለይም። ቢለይማ ኖሮ በዚህ ሐይቅ ዳር «ዓሣዬ ይህን ታህል ነበረች» ብሎ ክንዱን የሚዘረጋ ሰው ባልተገኘ። ጥሩ ዘንግ ግን ምራቅ ሲዋጥ ይለያል። የብራንት ማንቁርት ወደ ላይ ወጣ፣ ቆመ፣ ወረደ። ማቪስ መዳፏ ውስጥ አንድ ነገር ነካት። አንዴ። ጢቅ።

«እኔ ነኝ» አለ ብራንት።

ዘንጉን ዝቅ አደረገችው።

«አውቄ አይደለም» አለ ቶሎ ቶሎ። «ቸኩዬ ነበር። ስዘጋው ጫፉ ውጭ ቀርቶ ነበር፣ አልተዘጋም፣ መልሼ ከፈትኩት። አየሁት ማቪስ፣ በእናቴ፣ ባትሪ አብርቼ አየሁት፤ ቀጥ ያለ ነበር። ምንም አልሆነም ብዬ ተኛሁ።»

«በነጋታውስ?»

«በነጋታው ልነግርሽ ነበር። ከዚያ ዓሣ መያዝ ጀመርን፣ ረሳሁት። ከዚያ ሲሰበር…» የመንጠቆውን ፓኬት ጨመደደው። «ሲሰበር አሰልጣኙም አንቺን አየ፣ ሚዛን ላይ የነበሩትም አንቺን አዩ። እኔን ማንም አላየኝም። ያኔ… ተመስገን አልኩ።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ብራንት ላይ አልቀለለም ነበር ማለት ነው፤ ሁለት ሳምንት ተሸክሞት ጎኑን ልጦት፣ አሁን ሲያወርደው ትከሻው ሁሉ ወረደ። ማቪስ ግን አላዘነችለትም። ገና አልጨረሰችም ነበር።

«ምሳ ሰዓት ላይ ቀጭ ሲሉኝ ስቀሃል።»

«አንዴ ነው…»

«ሦስቴ ነው። ቆጥሬሃለሁ።»

ብራንት አፉን ከፈተ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው አጣ።

«የአጥር እንጨት የሚያክል ዘንግ ልታሸክመኝ የነበረውም ለዚህ ነው? እጄ አይረባም ብዬ እንድኖር?»

«እንዳይሰበርብሽ ነው። እንደገና ከተሰበረ ደግሞ… እንደገና መዋሸት አልፈልግም ነበር።»

ማቪስ እጇን አየችው። የዶሮ ባልዲ ያሻከረው፣ የክር ጠባሳ ያለበት፣ የራሷ እጅ ነው። ያን ቀን ከትከሻዋ በላይ አልወጣም ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ እውነቱን ሲነግራት አላመነችውም።

ወፍራሙን ዘንግ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ወደ መደርደሪያው መለሰችው። አተላውን በቦታው አጋደመችው።

ጋሽ ሆይት እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ እየጠረጉ ተመለሱ። ጠረጴዛውን አዩ፣ ማቪስን አዩ፣ ከዚያ ብራንትን ትንሽ ረዘም አድርገው አዩት። ማጠንጠኛውን አተላው ላይ አስረው ዘንጉን በአንድ ጣታቸው ላይ አስተኙት። ወደየትም ሳያጋድል ቆመ።

«ቀትር ላይ ክንድሽ ያመሰግነኛል። ሰባ።» ገንዘቡን ተቀብለው አሸተቱት። «የአጎትሽ ዶሮዎች ደህና ናቸው?»

«የሞቱት ደህና አይደሉም።»

«ይሄን ስባሪ ልጣለው?»

ማቪስ የእናቷን ዘንግ አነሳችው። የቡሹ እጀታ በእናቷ አውራ ጣት ልክ ጎድጉዷል። «ስንዝር ያጠረ ዘንግ ይሠራል?»

«ጫፉን ሞርጄ አዲስ ቀለበት ብለጥፍበት ያጠምዳል። ግን ይደርቃል፣ እንደ ድሮው አይተጣጠፍም። ለትል አይሆንም፣ ጆሮው ሄዷል። እየወረወረ እየጎተተ ለሚውል ሰው ነው የሚሆነው። አራት ዶላር ከነሙጫው።»

«እኔ እከፍላለሁ» አለ ብራንት።

«ትከፍላለህ» አለች ማቪስ።

ጋሽ ሆይት የተደፈጠጠውን በሞረድ አስተካከሉ፣ ሙጫውን በላይተር አቅልጠው ቀለበቱን ሰኩበት። እስኪደርቅ ሦስቱም ኦቾሎኒ እየፈለፈሉ ቆዩ። ብራንት ከራሱ ኩባያ ወደ ማቪስ ኩባያ ገለበጠ። አልቆጠረም። እሷም አላመሰገነችውም።

ውጭ ፀሐዩ ሐይቁ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ፒክአፗ ጋ ሲደርሱ ብራንት ቁልፉን አውጥቶ ያዘው፣ አልከፈተም።

«ነገ ጠዋት ለአሰልጣኙ እነግረዋለሁ።»

«ለአሰልጣኙ ብቻ?»

«ለሁሉም። ምሳ ላይ። ብስኩቱን ይዘው እያሉ።»

«ለእናቴስ?»

ብራንት ቁልፉን በጣቶቹ መካከል አገላበጠ። የማቪስ እናት ጥርሱ ሲነቀል የያዘችው፣ መዋኘት ያስተማረችው ሴት ናት። ለአሰልጣኝ መናገር ቀላል ነው፤ አሰልጣኝ ቢበዛ ይጮሃል።

«ለእሷም» አለ፣ ድምፁ አንሶ። «ዛሬውኑ። ሥራ ሳትገባ።»

ማቪስ ራሷን ነቀነቀች።

«ማቪስ… የጥንዶቹን ዝርዝር አሰልጣኙ ነገ ነው የሚዘጋው።» መሬቱን በጫማው ጫረ። «ኬንደል አጣማሪው ታሞበታል። ጎበዝ ነው፣ አያረፍድም። ከሱ ጋር ብትገቢ… ማለቴ፣ ይገባኛል።»

ኬንደል በእርግጥ ጎበዝ ነው። ዘንጎቹን በሣጥን ነው የሚይዘው፤ ጫፋቸውን በጨርቅ ይጠቀልላል። ማቪስ ይህንን ሁሉ ከሱቁ በር እስከ መኪናው ድረስ ስታስብበት መጥታለች። ኬንደል እሷን አንድም ቀን አላሳቃትም፤ አልዋሸባትምም።

በግራ እጇ የእናቷን አጭር ዘንግ ይዛለች፣ በቀኝ እጇ አተላውን። አጭሩን ዘረጋችለት።

«ያዝ።»

ያዘው።

«ቅዳሜ በዚህ ነው የምታጠምደው።»

«ቅዳሜ?» ብራንት ዘንጉን አየ፣ እሷን አየ። «አብረን?»

«ጆሮው ሄዷል ተብሏል። ትግባባላችሁ።»

መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። አተላውን ጉልበቷ ላይ አስተኛችው። ብራንት አጭሩን ዘንግ ከጎኑ አስገባ፣ ከዚያ የእሷን በር ይዞ ቆመ። ጎንበስ ብሎ የሁለቱንም ጫፍ በመዳፉ ሸፍኖ ወደ ውስጥ ገፋ አደረጋቸው። ቀና አለ። እንደገና ጎንበስ ብሎ አየ። በሩን እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን የሚያስተኛ ይመስል ቀስ አድርጎ ገፋው።

ማቪስ በመስኮቱ በኩል ጠበቀችው።

«አልተዘጋም» አለችው። «ድገመው።»